የክር እባቦች

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጆቼ ቴሌቪዥኑ ፊት ተደርድረው ፊልም ያያሉ። እኔ ጥግ ይዤ ምስር እለቅማለሁ። ፊልም ብዙም አይገደኝም። አንዴ ቀና ስል ግን አንዲት ሴት አየሁ፤ የራስ ፀጉሯ ሁሉ እባብ ነው። ሰፌዱን አስቀመጥኩ።

"ይሄን ፊልም አውቀዋለሁ" አልኩ።

"አታውቂውም እማማ። አዲስ ነው" አለች ትልቋ። "የድሮውን ነው እንደገና የሠሩት።"

"እኛም እንደገና ሠርተነዋል።"

ሳቁብኝ። ፊልሙ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ሰይፉን መዘዘ፣ የሴትዮዋን አንገት ቀላው። ልጆቹ አጨበጨቡ።

"ቆዩ፣ ትነሳለች" አልኩ።

"እማማ! አንገቷ ተቆርጦ?"

"ትነሳለች ብያለሁ።"

ፊልሙ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። አልተነሳችም። ትንሹ ዞር ብሎ "ዋሸሽ" አለኝ። ያኔ እናታቸው፣ ልጄ፣ እጇን በፎጣ እየጠረገች ከጓዳ ብቅ አለች። "አልዋሸችም። ተነስታለች። እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ድንጋይ ላይ ታስሬ" አለቻቸው።

ስለዚህ ልጽፈው ቃል ገባሁ። ማንበብና መጻፍ ያወቅሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ያወቅሁትን ያህል እጽፋለሁ።

ጊዜው ደርግ ነው፤ ቦታው ድሬዳዋ። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እሠራ ነበር፣ ባለቤቴ ባቡር ላይ። በአንድ ግቢ ስድስት ቤተሰብ ነበርን፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አማራውም ኦሮሞውም ሶማሌውም። ልጆቹ ሲጣሉ በአማርኛ ይጀምሩና በኦሮምኛ ይሰዳደባሉ፣ በሶማልኛ ይታረቃሉ። እኔ የግቢው ዳኛ ነበርኩ። ማንም አልሾመኝም። ሁለት ልጅ አንድ ማንጎ ይዞ ሲመጣ አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው ይመርጣል፤ ይሄ የኔ ሕግ ነው። ለጨዋታ ደግሞ ዕጣ ይወጣል። ዕጣ ከወጣ በኋላ ማልቀስ የለም።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ የግቢውን ልጆች በሙሉ ይዤ ሲኒማ ቤት ሄድኩ። ፊልሙ ያረጀ ነበር፤ ምስሉ እዚህም እዚያም ተጭሯል። ቋንቋውን የሚያውቅ የለም፣ ከሥሩ ጽሑፍ የለውም። ታሪኩን የሚሠራው አዳራሹ ነው። አንዱ ይተረጉማል፣ ሌላው ያርመዋል።

"እናቱ ናት!"

"አቦ ዝም በል፣ እጮኛው ናት!"

የግሪኮች የጥንት ተረት መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው። ተራራ ላይ የተቀመጡ ጺማም አማልክት አሉ። ክንፍ ያለው ፈረስ የሚጋልብ ጎረምሳ አለ። ለባሕር አውሬ እንድትሰጥ ድንጋይ ላይ የታሰረች ልጅ አለች። ባለእባብ ፀጉሯ ሴት ደግሞ ዋሻ ውስጥ ናት፤ ፊቷን ያየ ሁሉ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል።

ያን ቀን ፊልሙን የሚያጫውተው ሰው የፊልሙን ጥቅሎች አምታቶ ኖሯል። ሦስተኛውን አስቀድሞ፣ ሁለተኛውን አስከትሎ አስገባው። እኛ ይሄን በምን እናውቃለን? ጎረምሳው አንገቷን ቆረጠ፣ ጭንቅላቷን በከረጢት ከተተ፣ ጥቅሉ አለቀና ጨለመ። እንደገና ሲበራ ሴትዮዋ እባቦቿን እያወዛወዘች ዋሻዋ ውስጥ ቁጭ ብላለች።

አዳራሹ ተናጋ። "ተነሳች! ወላሂ ተነሳች!" ሰው ወንበር ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጎረምሳው አውሬውን ይግደል፣ ልጅቱን ያግባ፣ ማንም ልብ አላለውም። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ የተወራው ስለ ተነሳችው ሴት ነው።

በማግስቱ ልጆቹ ፊልሙን ግቢያችን ውስጥ ይሠሩት ጀመር። በሳምንቱ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ መጣ። የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበር፣ ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚናገር ነገር ግን ክፋት የሌለው ልጅ፣ አጥር ተደግፎ ሲያያቸው ቆየና "ለቀበሌው በዓል ሕዝብ ፊት ይቅረብ" አለ። ቦታው ደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ባሕር የለንም፤ አሸዋው ግን ሰፊ ነው።

ዕጣውን እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት። የጎረምሳው ዕጣ ለጎረቤት ልጅ ወጣ። ድንጋይ ላይ የምትታሰረዋ ቆንጆ ለልጄ ደረሳት፤ ከደስታዋ ብዛት ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረች። የባለእባቧን ዕጣ ያነሳው ግን ወረቀቱን ወረወረው። ሌላውም አነሳና ወረወረ። ማንም አስቀያሚ መሆን አልፈለገም።

ከግቢው ልጆች አንዷ "ሕዝብ" የሚል ዕጣ ደረሳት። ድንጋይ ከሚሆኑት መሀል ቆማ መታየት ብቻ ነው ሥራዋ። ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። ስለዚህች ልጅ ነው የምጽፈው።

ከልጄ ጋር እኩያ ናት፤ ያኔ ሁለቱም አሥር ዓመታቸው ነው። እናቷ ፋብሪካ አብራኝ ትሠራለች፤ ከሐረርጌ ገጠር የመጣች ኦሮሞ ናት፣ ሰላቷን የማታጓድል። አንዳችን ፈረቃ ስንገባ ሌላዋ ልጆቹን ታያለች። ልጅቷ አራት ዓመት ሲሞላት፣ የኔ ተራ በሆነበት ቀን፣ ልጆቹን ቤት ትቼ ቧንቧ ላይ ወረፋዬን ልይ ብዬ ወጣሁ። ለአፍታ ነው። የላምባ ምድጃዬ ተገለበጠ። ጩኸት ሰምቼ ስሮጥ የልጅቷ ቀሚስና የራሷ ፀጉር ይነድዳል።

ዳነች። ከግራ ጆሮዋ በላይ እስከ አናቷ ድረስ ግን ፀጉር አልበቀለም። ቆዳው ተጨማዶ ያበራል። ሻሽ ታስራለች። እስላም ልጅ ሻሽ ማሰሯ ለማንም አይገርምም፤ እሷ ግን ቤት ውስጥም፣ በዚያ በድሬዳዋ ሙቀት ስትተኛም አትፈታውም። ልጆች ሲጣሏት በጠባሳዋ ይሰድቧታል። እኔ ስሰማ አልምርም ነበር።

እናቷ ሆስፒታል ደጃፍ ላይ "አላህ ያመጣው ነው" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ያን ማታ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በማግስቱ ልጆቹን ሰብስቤ "ድንጋይ ላይ የምትታሰረዋ ቆንጆ እሷ ናት" አልኩ፤ ሻሽ ወዳሰረችው ልጅ ጠቁሜ።

ልጄ አፏን ከፈተች። "እማዬ፣ ዕጣ ነው አላልሽም?"

"ብያለሁ።"

"ዕጣ ከወጣ ማልቀስ የለም አላልሽም?"

"ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?"

የተናገርኩት አሁንም ያሳፍረኛል። የራሴን ሕግ በራሴ ልጅ ላይ ሰበርኩ፤ ፍትሕ የሠራሁ መስሎኝ ልቤ ሞቀ።

ልምምድ ተጀመረ። ልጅቷን ግንድ ላይ አሰሯት። ጎረምሳ የሆነው ልጅ ራቅ ብሎ ቆሞ እንደ ትልቅ ሰው እጁን አወናጨፈ። "ፀጉሯ በንፋስ ይበተናል! ፊልሙ ላይ ይበተናል! ሻሽሽን አውልቂ!"

እኔ ልብስ እያሰጣሁ ሰማሁት። ቃሉ እስኪገባኝ ድረስ ልጅቷ ገመዱን በጥሳ ቤታቸው ገብታ በሩን ዘግታለች። ሁለት ቀን አልወጣችም። አንኳኳሁ፣ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ። ሆን ብዬ እንኳ እንደዚህ አልበድላትም ነበር።

በሦስተኛው ቀን የልጄን ፀጉር ደጃፌ ላይ ስሠራ መጣች። እዚያው ቁጢጥ አለች። ማበጠሪያው ሲወርድ ሲወጣ ታየዋለች።

"እትዬ" አለችኝ። የድሬ ልጅ ትልቅ ሰውን አንቱ ማለት አያውቅም፤ "እትዬ፣ አንቺ ለምን አትጠይቂኝም?"

"ምን ልጠይቅሽ?"

"ማን መሆን እንደምፈልግ።"

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቆመ።

"ማን መሆን ትፈልጊያለሽ?"

"ባለእባቧን።"

"እሱን ማን አለሽ? የትኛው ባለጌ ነው እሱን ሁኚ ያለሽ? ስሙን ንገሪኝ!"

"ማንም አላለኝም" አለች። "ከሁሉም ብዙ ፀጉር ያላት እሷ ናት። ደግሞ ትነሳለች።"

የልጄን ፀጉር ግማሹን ሠርቼ ግማሹን ሳልሠራ ትቼ ተነሳሁና መርፌ ፍለጋ ገባሁ። ልጄ የድንጋይዋን ቦታ በዚያው መልሳ አገኘች፤ እኔም ይቅርታ ጠየቅኋት። ልጅን ይቅርታ መጠየቅ ያኔ የተለመደ አልነበረም፤ አፌ ላይ ከብዶኝ ነበር።

ፋብሪካችን በዚያ ወር የሚሸምነው ለወታደር ልብስ የሚሆን አረንጓዴ ጨርቅ ነበር። ወለሉ ላይ ብጥስጣሽ ክር ይወድቃል፤ ይጠረጋል፣ ይጣላል። መውጫ በር ላይ ግን ፈታሾች አሉ፤ በብብትሽ አንድ ክር ቢገኝ ሌባ ነሽ። እኔና እናቷ ፎርማኑ ዘንድ ገባን።

"ለምን?" አለ።

"ለእባብ" አልኩት።

አየን፣ አየንና "ስንት እባብ?" አለ።

"አሥራ ሰባት" አለች እናቷ። እኔ እንኳ አልቆጠርኩም ነበር፤ ልጅቷ ነግራታለች።

ወረቀት ጻፈልን። ፈታሿ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብባ፣ የክሩን ከረጢት እስከ ታቹ በረበረችው። "እባቡ አይናከስም?" ብላ አሳለፈችን።

ክሩን ገምደን ገምደን እንደ ሹሩባ ጎነጎንነው። ጭንቅላት ሠራንለት፣ ዓይኑ ቁልፍ፣ ምላሱ ቀይ ክር። አሮጌ ቆብ ላይ ሰፋነው። ልክ ለማየት ልጅቷን በርጩማ ላይ አስቀመጥኳትና ሻሿን ፈታችልኝ። ራሷን በብርሃን ካየሁት ስድስት ዓመት አልፎ ነበር። ቆቡን ቀስ ብዬ አጠለቅኩላት።

"ያ ምድጃ የኔ ነበር" አልኳት። ለልጅ የሚነገር አይደለም፤ ግን ማንም ከሚነግራት እኔ ልንገራት አልኩ።

"አውቃለሁ" አለች። "እናቴ ነግራኛለች። ስትሮጪ ወድቀሽ ጉልበትሽ ተሰንጥቋል አለች።" ከዚያ እጇን ወደ አናቷ ሰድዳ አንዱን እባብ ያዘች። "ይሄኛው አንድ ዓይኑ የለም።"

ሁለተኛ ቁልፍ ፈልጌ ሰፋሁለት።

ነገሩ ሁሉ ተስተካከለ ስንል ሊቀመንበሩ መጣ። ልምምዱን አይቶ ፊቱን አጨማደደ።

"ጓድ እናት፣ ይሄ ተረት የመደብ ትንተና ይጎድለዋል። ተራራው ላይ ያሉት ፊውዳሎች ናቸው፣ እሱ ጥሩ። ባለእባቧ ግን ኢምፔሪያሊዝም ናት። ኢምፔሪያሊዝም ተቆርጦ አይነሳም!"

"ፊልሙ ላይ ተነስታለች።"

"ፊልሙ ተሳስቷል።"

"አንተ ከፊልሙ ትበልጣለህ?"

"አንዴ ትቆረጥና ትውጣ! ሕዝቡ ፊት አትመለስም!"

ልጅቷ እባቦቿን በክንዷ አቅፋ በመሀላችን ቆማለች። ዓይኗ ከሱ ወደኔ፣ ከኔ ወደሱ ይሄዳል። አንዴ ተቆርጣ ከወጣች ያ ሁሉ ፀጉር ለአንዲት ደቂቃ ነው። እኔ ነገሩን በጩኸት ልጨርሰው ነበር። ሊቀመንበሩ ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ፤ "ታሪኩ የግሪኮች አይደል? ሽማግሌውን እንጠይቅ።"

ከኛ ሁለት መንገድ አልፎ አንድ ግሪካዊ ሽማግሌ ነበር። ባቡር ጥገና ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ድሬዳዋ ተወልዶ ድሬዳዋ ያረጀ። በረንዳው ላይ በካናቴራ ተቀምጦ ራሱን በማራገቢያ ያራግባል። ሊቀመንበሩ፣ እኔ፣ ከኋላችን የልጅ መንጋ፣ ሄደን ፊቱ ቆምን።

"ባለእባብ ፀጉሯን ያውቋታል?" አልኩ።

"አያቴ በሷ ነበር የምታስፈራራን" አለ። "መጀመሪያ እንዲህ አልነበረችም። ቆንጆ ልጅ ናት፣ ፀጉሯ ያማረ። በደሉን የሠራው ሌላ ነው። ቅጣቱ እሷ ላይ ወረደ፤ ፀጉሯ እባብ ሆነ።"

"ማን ፈረደላት?"

"ማንም።"

ሊቀመንበሩ ግን ለሥራ ነው የመጣው። "ዋናው ጥያቄ፣ አንገቷ ከተቆረጠ በኋላ ትነሳለች ወይስ አትነሳም?"

ሽማግሌው አፉን ከፈተ። ያኔ ልጅቷን አያት። ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ እባቦቹን ደረቷ ላይ ይዛ፣ የሚፈርድባትን ዳኛ እንደምታይ ታየዋለች። ማራገቢያው ቆመ።

"በአያቴ መንደር" አለ ቀስ ብሎ፣ "ትነሳለች።"

ከወራት በኋላ ለበዓል ዳቦ ይዤለት ስሄድ ነው እውነቱን ያወጣልኝ። አትነሳም፤ የትም መንደር ተነስታ አታውቅም። ሲኒማ ቤት ጥቅሎቹ ተምታተው ነው። "ውሸት ነበር" አለኝ። ውሸት አልወድም። ያንን ግን ወደድኩት።

ሊቀመንበሩ ሲመለስ መንገድ ላይ ሲያስብ ቆየና "እንግዲያው ኢምፔሪያሊዝም የባሕሩ አውሬ ይሁን" አለ። አውሬው በአንድ ሸራ ሥር የገቡ ስድስት ልጆች ናቸው፤ ስማቸው ምንም ይሁን ግድ አልነበራቸውም።

ቀኑ ደረሰ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፤ ፀሐዩ ግን ገና አልበረደም። ወንዙ ዳር ሰው ጢም ብሏል። ክንፍ ያለው ፈረስ ከቢዮ አዋሌ ገጠር ሽንኩርት የሚያመጣ ባለጋሪ ፈረስ ነው፤ ከጆንያ የተሠራ ክንፍ ታስሮለታል። ልጄ አለት ላይ ታስራ ሳቋን ለመዋጥ ትታገላለች። ልጆቹ ለተመልካቹ ሕጉን በሦስት ቋንቋ አወጁ፤ ባለእባቧ ቀና ስትል ሁሉም ድንጋይ ይሆናል፤ ፊቷን እስክታዞር የተነቃነቀ ከጨዋታው ይወጣል።

ጎረምሳው በእንጨት ሰይፉ መታት። ዋሻ ይሁን ብለን ከዘረጋነው አንሶላ ጀርባ ወደቀች። ዳር ያለው ሰው ሁሉ ፊልሙን ያውቃልና ትንፋሹን ዋጠ።

ተነሳች።

አረንጓዴ እባቦቿ ትከሻዋ ላይ ወረዱ፣ ቁልፍ ዓይኖቻቸው በፀሐይ አብለጨለጩ። ቀና አለች። ወንዙ ዳር ያለው ሁሉ ድንጋይ ሆነ። ሊቀመንበሩ የድምፅ ማጉያውን አፉ ጋ እንዳደረሰ ቀረ። ሽማግሌው ማራገቢያውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ።

ያኔ ያላሰብኩት መጣ። የድሬዳዋ ፀሐይ፣ ያ ሁሉ የጥጥ ክር፣ ከሥሩ ወፍራም ቆብ። ላብ በግንባሯ ወረደ። አከከች። እንደገና አከከች። ከዚያ በሁለት እጇ ቆቡን ይዛ፣ እንደሚሞቀው ማንኛውም ልጅ፣ ከራሷ ላይ ላጥ አደረገችው።

ሻሽ ከሥር አልነበረም። ግማሹ ሹሩባ፣ ግማሹ የሚያበራ ጠባሳ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

እኔ ፊት ለፊት ነበርኩ። ነጠላዬን ከትከሻዬ ልጎትት እጄ ሲነሳ፣ አጠገቤ የቆመችው እናቷ ክንዴን ጨበጠች። ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ "ተዪ" አለችኝ። "ድንጋይ ነሽ።"

ድንጋይ ሆንኩ። ሁላችንም ሆንን። ዓይኑን የመለሰ የለም፣ ሕጉ አይፈቅድማ። ሲሰድቧት የነበሩት ልጆችም ቀጥ ብለው ያዩአታል። የተነቃነቀው ፈረሱ ብቻ ነው፤ ራሱን ቢያራግፍ አንዱ ክንፉ ወደቀ።

ልጅቷ መጀመሪያ ምን እንዳደረገች ገብቷት ክው አለች። እጇ ወደ ራሷ ሄደ፣ መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ሰዉን ከዳር እስከ ዳር አየችው፤ አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል።

"ሞቀኝ" አለች።

የሳቀ የለም። ድንጋይ አይስቅም።

ከዚያ በኋላ ሻሿን ሙሉ በሙሉ ጣለች ብል እዋሻለሁ። አንድ ቀን ታስራለች፣ አንድ ቀን አታስርም፤ እንደ ሙቀቱ ሆነ። ዛሬ ሳቢያን ሰፈር ነው ቤቷ፣ ልጆች ወልዳለች። እባቦቹ እኔ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱን አይጥ በልቷቸዋል።

ይሄን ለልጅ ልጆቼ ሳነብላቸው ትንሹ አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ዋሸሽ አላለም። አንድ ነገር ብቻ አስጨነቀው።

"ታዲያ መቼ ተነቃነቃችሁ?"

እሱን እኔም አስታውሳለሁ፤ እግሬ ደንዝዞ፣ ላብ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ፣ የእናቷ እጅ ክንዴን እንደያዘ። ፊቷን አላዞረችም። ቆማ ታየናለች፣ ቆመን እናያታለን። ማንም ቸኩሎ አልነበረም።

"ውሃ ጠምቷት ወደ ጀሪካኑ ስትዞር" አልኩት።